ከባሕር ዳር እስከ እንፍራዝ በአባታችን ኤንትሬ

አባታችን ኤንትሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያቆሟት በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነበር። ኤንትሬ የሚባለው የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ነው። የ682 ዘር መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ አምቼም የፊያትን የጭነት መኪኖች አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ስለ ነበር፣ ዕቃውም መካኒኩም በአገሩ ሁሉ ተሰራጭቶ ኖሯል። አባታችን በእርሷ ከአሳብ ወደብ ጭነው ባሕር ዳር ድረስ መጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ አሸዋና ድንጋይ አመላልሰዋል፤ ዓይናቸው ሲደክምና እኛም ወደየሥራችን ስንበተን መኪናዋ ቆመች። የጣና እርጥበት፣ የማንጎው ቅጠልና የዶሮ ኩስ ተባብረው ያደረሱባትን መናገር አያስፈልግም።

እንደገና መንገድ ላይ እናውጣት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከናፍቆት ነው ብል እዋሻለሁ። ቁራሽ ብረት የሚገዛ ነጋዴ በኪሎ ሒሳብ ሊወስዳት ዋጋ ጠርቶ ነበር፤ አይሱዙ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜም ለመሸጥ አልጠላም ነበር። ነገሩን የለወጠችው እናታችን ናት። እርሷ ከወረታ ሩዝ እያስመጣች የምትነግድ ሴት ናትና በየወሩ ለጭነት የምትከፍለውን ገንዘብ ከማንም በተሻለ ታውቀዋለች። «በግቢዬ መኪና ቆሞ በሰው መኪና አስጭናለሁ» ስትል፣ አባታችን ምንም ሳይመልሱ በማግስቱ ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ተገኙ። ሊብሬዋ ከእናታችን ሣጥን፣ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር ተጣጥፎ ወጣ።

ሞተሩ አልዞር ብሎ ነበር። ከ10 ሊትር በላይ ይዘት ያለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አንዴ ከያዘ በጉልበት የሚላቀቅ አይደለም፤ በጉልበት የሞከረው ሰው ፒስተን ወይም የፒስተኑን ክንድ ይሰብራል። አባታችን የፈለጉት ትዕግሥትን ነበር። የናፍጣ መርጫዎቹን አስፈትተው በየቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው አፈሰሱ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ ከእራት በፊት፣ ቮላኖውን፣ በሞተሩ ጫፍ ያለውን ከባድ መንኮራኩር፣ በብረት ዘንግ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ መግፋት የቤቱ ልማድ ሆነ። ፖሊ ቴክኒክ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ክራንክ ዘንጉን በማሽን እናዙረው የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አያቱ «ማሽኑ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ እጅህ ግን ያውቃል» ብለው መለሱት። አንድ ማታ ዘንጉ ከወትሮው ራቅ ብሎ ሄደና ከውስጥ የሚንፏቀቅ ድምፅ ተሰማ። እናታችን እንኳ ከማድ ቤት ወጥታ እልል አለች።

ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ሲወርድ ፒስተኖቹ ከሚመላለሱባቸው ካሚቻዎች ሁለቱ ዝገት በልቷቸው ተገኙ። የቀሩት ተፈትገው ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ ሁለቱ ግን መለወጥ ነበረባቸው። ለአሮጌ መኪና መድኃኒቱ ሌላ አሮጌ መኪና ስለ ሆነ፣ ወንድሜ በየጋራዡ እየጠየቀ አንድ ግቢ ውስጥ ውኃ ስታመላልስ ኖራ የሞተች ኤንትሬ አገኘ፤ ካሚቻዎቹ፣ አንድ ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከም የብረት ምንጣፍ) እና የጋቢና መስተዋት ከእርሷ መጡ። ከሩቅ በላኪ ያስገዛነው የጓርኒሲዮንና የጎሚኒ (የሞተር ማሸጊያና ላስቲክ) ጥቅል ግን የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩ አልመልስም ስላለ እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ አለ። የናፍጣ ፓምፑ ተፈትቶ ታጠበና በመለኪያ ማሽን ተስተካከለ። የናፍጣ ማጠራቀሚያውን ውስጥ ለማጠብ የወንድሜ ልጅ ጠጠርና ናፍጣ ጨምሮበት ለረጅም ሰዓት እያንከባለለ ሰፈሩን ሁሉ አስመረረ። ከውስጡ የወጣውን ቀይ ጭቃ አይቼ፣ ያ ሁሉ ወደ ፓምፑ ቢገባ ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ የጎረቤቱ ምሬት ተገቢ ዋጋ መስሎ ታየኝ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሁላችንም ለጉዞ ቸኩለን ነበር፤ አባታችን ግን ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ፍሬኑ ሳያልቅ መኪናዋ ከበር እንደማትወጣ አስታወቁ። «ሞተር ባይነሣ ቤትህ ትውላለህ፤ ፍሬን ባይዝ ግን ሰው ቤት ትገባለህ» የሚለው ቃላቸው አሁን በቤታችን ለሁሉም ነገር ይጠቀሳል። የኤንትሬ ፍሬን በአየር የሚሠራ በመሆኑ፣ ሲቆም የሚሰነጠቀው ጎማ ሁሉ፣ ቱቦውም ሽፋኑም፣ አንድ በአንድ ተለወጠ፤ የፍሬን ሸራውም ታደሰ። ሞተሩን አስነሥተን የአየሩ ሰዓት፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ቀስት ልኩ ላይ እስኪደርስ እንጠብቅና፣ አጥፍተን ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚወርድ እንመለከት ነበር። የሚያፏጨውን ቦታ ለማግኘት የሳሙና አረፋ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሌላው ወጪ ጎማ ነበር። የዚህ መኪና ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ጎማውን የሚይዝበት የብረት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ አየር ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው ይህን ያውቅ ስለ ነበር ቸርኬውን በሰንሰለት ጠፍሮ፣ ራሱም ወደ ጎን ቆሞ ሞላው። ገንዘቡን የከፈለችው እናታችን ናት፤ የእቁብ ዕጣዋ ነበር፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አላደረገችም።

ቀለምን በተመለከተ ክርክር ነበር። የወንድሜ ልጅ ሙሉ በሙሉ ተጠርባ እንድትቀባ ይፈልግ ነበር፤ አባታችን ግን እምቢ ስላሉ ጋቢናው ብቻ ተነካክቶ ካሶኒው፣ ጭነት የሚጫንበት የኋላው ክፍል፣ እንዳለ ቀረ። እኔም በዚህ ከአያቱ ጋር ነኝ፤ አሸዋ የሚጫንበትን ብረት ማሳመር ለአሸዋው ምን ይጨምርለታል?

ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ከተለጠፈላት በኋላ፣ የ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ ለመጀመሪያ ጉዞ ተነሣን። መድረሻችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው እንፍራዝ ነበረች፤ አጎታችን እዚያ ቤት እየሠራ ስለ ነበር ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ምስማር ልናደርስለት ነው። አባታችን ከግማሽ ጭነት በላይ አልፈቀዱም። ወንድሜ መሪውን ያዘ፤ አባታችን አጠገቡ፣ የወንድሜ ልጅ በሞተሩ ክዳን ላይ ጋቢ አጥፎ፣ እኔ በግራው በር በኩል ተቀመጥን። እናታችን ባዶ እጇን መሄድ ስለማትወድ በማለዳ ሚኒባስ ቀድማን ወደ ወረታ ሄደች።

የመሪውን ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። የኤንትሬ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ጣሊያኖች በቀኝ እየነዱም ለጭነት መኪና መሪውን በቀኝ ያደረጉት፣ በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያየው ነው ይባላል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው በ1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የኤንትሬ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ቀድሞ ለማለፍ በግራ የተቀመጠውን ረዳት ዓይን መዋስ ግድ ሆኖበታል። በዚህ ጉዞ ያ ረዳት እኔ ነበርሁ። «መጣ፣ ቆይ፣ አሁን ሂድ» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊት የሚመጣው አውቶቡስ ስንት ርቀት ላይ እንዳለና ይህች መኪና ፍጥነት ለመጨመር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባት አብሮ መገመት ይጠይቃል። ከዘንዘልማ በኋላ አንድ ጋሪ ለማለፍ ስንሞክር «ሂድ» ብዬ ወዲያው «ቆይ» ስል አባታችን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛው ቃልሽ ከመጀመሪያው ጋር ከተጣላ ሾፌሩ ማንን ይስማ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ሳልሆን አፌን አልከፈትሁም።

የዓባይን ወንዝ የተሻገርነው ገና ሳይነጋ በአሮጌው ድልድይ ነበር። ዛሬ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ አገልግሎት ይሰጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን ወደ ጎንደር የሚሄድ ከባድ መኪና ሁሉ በአሮጌው ተራ ይጠብቅ ነበር። ሀሙሲት እስክንደርስ የወንድሜ ችግር ማርሹ ነበር። የአይሱዙ ልማድ ይዞት ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ ረግጦ ማርሽ ሊያስገባ ሲሞክር ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ይጮኻል። በዚህች መኪና ፍሪሲዮን ተረግጦ ማርሹ ይወጣል፤ ፍሪሲዮን ተለቅቆ ነዳጅ ይነካል፤ እንደገና ተረግጦ የታችኛው ማርሽ ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ መሆን አለበት። አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን እየሰሙ «አሁን» ይሉት ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ያዩት ይመስል ይናገራሉ» አላቸው፤ «ሞተሩ ይነግረኛል፤ አንተ ሰዓቱን ታያለህ» አሉት። የጉማራን ድልድይ ስናልፍ የማርሹ ጩኸት ቀርቶ ነበር።

ከጉማራ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ በጥር ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሩዙ ታጭዶ የጭዱ ክምር በየማሳው ይታይ ነበር። መንገዱ ሜዳ ስለ ሆነ ኤንትሬዋ በራሷ ፍጥነት፣ ማለትም ሁሉም ሰው እየቀደማት፣ ያለ ምንም ቅሬታ ሄደች። ወረታ ላይ ቆመን እናታችንን ፈለግናት፤ ከሩዝ ፈልፋይ ቤቶቹ በአንዱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋጋ ስትከራከር አገኘናት። ስንመለስ እንድንጭንላት ኩንታሎቹን አስቆጥራ ጨርሳ ነበር።

የጉዞው ፈተና ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ያለው ዳገት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር እንደ ልቡ የማያገኝ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን ትቶ ጭስ ያበዛል። ወንድሜ ማርሽ እየቀነሰ ወጣ፤ የውኃው ሙቀት ሰዓትም አብሮ ወጣ፤ የወንድሜ ልጅ የተቀመጠበት ክዳን ስላቃጠለው ቆሞ መሄድ ጀመረ። ቀስቱ ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል አባታችን ዳር እንዲይዝ አዘዙ። መኪናዋ ገና ሳትቆም የወንድሜ ልጅ ዘሎ ወርዶ የዋንዛውን ታኮ ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቀው፤ ቤት ውስጥ ይህን እንዲለማመድ ሲደረግ ቆይቶ ነበርና። ሞተሩን ወዲያው እናጥፋ ስንል አባታችን ከለከሉ። ውኃው መዞሩን ካቆመ ሙቀቱ ቴስታታው ላይ ይከማቻልና፣ ለጥቂት ጊዜ በቀስታ እየሠራ እንዲበርድ፣ የራዲያተሩ ክዳንም እስኪቀዘቅዝ እንዳይነካ አሉ። በጎናችን ያለፈ ሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ይህችን ከየት አወጧት?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ከማንጎ ሥር» ብለው መለሱለት፤ ምን እንደ ገባው አላውቅም።

ቁልቁለቱን ወርደን ወደ እንፍራዝ ስንቀርብ የጉዛራ ግንብ በኮረብታው ላይ ታየ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ስሙ የሚነሣው ይህ ግንብ ከጎንደር ግንቦች ይቀድማል፤ ለአባታችን ግን የድሮ የምሳ ምልክታቸው ነበር። አጎታችን ሲሚንቶውን እያራገፈ የመኪናዋን መምጣት ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። አዲሱ ቤት ደጃፍ ጠላና ዶሮ ወጥ ቀረበልን፤ ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፣ መንገዱ ይቀራልና።

ስንመለስ ወንድሜ ቁልቁለቱን በከፍተኛ ማርሽ ሊወርድ ሲል አባታችን እጃቸውን ማርሹ ላይ አኖሩ። በወጡበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሾፌሮች ሕግ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ስለሚይዝ ፍሬኑ ሳይግል ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አዲስ ዘመን ስንደርስ ወርጄ በየጎማው አጠገብ እጄን ዘረጋሁ፤ የቀኙ የኋላ ብቻ ከሌሎቹ ይሞቅ ነበር፤ አባታችን ሸራው ትንሽ እንደሚይዝ ተናግረው ለጋራዥ አስመዘገቡት። ወረታ ላይ የእናታችን ሩዝ ተጫነ። ፎገራ ላይ ሩዝ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፤ አባታችን ከአሳብ ሲመላለሱ በዚህ ሜዳ የሚያውቁት ጤፍ፣ ጓያና ከብት ስለ ነበር፣ የሩዝ ኩንታል ካሶኒያቸው ላይ ሲደረደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ቀን ነው። ኩንታሎቹ እንዴት እንደሚቆላለፉ አዛዡ እርሳቸው ነበሩ፤ ገመዱን አስፈትተው እንደገና አሳሠሩት።

ባሕር ዳር የገባነው መብራት ከበራ በኋላ ነው። ሩዙ መጋዘን ከገባ በኋላ እናታችን መዝገቧን አውጥታ ወንድሜን የጭነት ዋጋ ጠየቀችው። ገበያው የሚጠይቀውን ነገራት፤ እርሷም የጎማውን ገንዘብ ከኪራዩ ላይ መቀነስ ጀመረች። ወንድሜ ናፍጣው ይቀደም ብሎ ተከራከረ፤ አባታችን የፍሬን ሸራው ከሁሉ ይቀደም አሉ። በመጨረሻ ናፍጣው ከዚህ ጭነት፣ ሸራው ከሚቀጥለው፣ እቁቧም ከዚያ ወዲያ ካሉት እንዲከፈል ተስማሙ። የሚቀጥለው ጭነት የመሸንቲ አሸዋ ነበር።