የናምሎት ፈረሶች

ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ሱዳን የነበረው የኩሽ መንግሥት ንጉሥ ፒዬ ግብፅን እንዴት እንደያዘ የሚተርከው የድንጋይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1862 ሱዳን ውስጥ፣ ጀበል ባርካል ላይ ተገኘ። የጥንት ነገሥታት ያስጻፉት ነገር አብዛኛው ጠላት ደመሰስኩ፣ ምርኮ ሰበሰብኩ ነው። እዚህኛው ላይ ግን ሰውየው ራሱ ይታያል።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 730 ዓመት ገደማ ነው። ግብፅ በየከተማው ንጉሥ ነኝ ባይ በዝቶባታል። በሰሜን፣ በአባይ ዴልታ ያለችው የሳይስ ከተማ ገዥ ቴፍናክት ከሁሉም በርትቶ ወደ ደቡብ ይገፋል። በመካከለኛው ግብፅ የሄርሞፖሊስ ከተማ ንጉሥ ናምሎት የፒዬ ወገን ነበር፤ ኃይል ወዳጋደለበት ዞረና ከቴፍናክት ጋር አበረ። ፒዬ መጀመሪያ በኩሽ ዋና ከተማ ናፓታ ተቀምጦ ጦር ብቻ ላከ። ጦሩ ቢያሸንፍም ጠላትን ጠራርጎ እንዳልጨረሰ ሲሰማ እንደ ነብር ተቆጣ ይላል ጽሑፉ። በግብፅ ቴብስ ከተማ የአሙን አምላክን በዓል አክብሮ ራሱ ዘመተ።

ሄርሞፖሊስን ከቦ አፈር አስቆለለ፤ ቀስተኞቹና ወንጭፈኞቹ ከላይ ሆነው ከተማዋን ቀን በቀን ይደበድቧት ጀመር። ከተማዋ እስክትገማ ድረስ አልለቀቃትም። በመጨረሻ ናምሎት ሚስቱን ወደ ፒዬ ሴቶች አማላጅ ልኮ እጁን ሰጠ።

ፒዬ ቤተ መንግሥቱን ዞረ፣ ግምጃ ቤቱን አየ። የናምሎት ሚስቶችና ሴት ልጆች ሊሰግዱለት ሲቀርቡ ዞር ብሎም አላያቸው። ከዚያ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ገባ። ፈረሶቹም ውርንጭሎቹም በረሃብ ከስተዋል። ያን ጊዜ ነው የገነፈለው፦ ከበደልከው በደል ሁሉ የፈረሶቹ መራብ ልቤን ይበልጥ አቆሰለው ብሎ ማለ።

እኔ ይህን ቃል አምነዋለሁ። አባቴ ፈረሱ ገብሱን ሳይበላ እራት አይቀርብም ነበር። የተራበ ፈረስ እንደ በሬ አይጮህም፤ ሽንጡ ይጎደጉዳል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ የግርግሙን እንጨት ይግጣል። ያንን ያየ ሰው የፒዬን ንዴት የታይታ ነው አይለውም። መቃብሩም ይመሰክርለታል፤ እሱና ተከታዮቹ ባረፉበት፣ ሱዳን ውስጥ ባለው የኤል ኩሩ መካነ መቃብር 24 ፈረሶች እንደቆሙ ተቀብረው ተገኝተዋል።

በሰሜን፣ በሜምፊስ ከተማ ላይ ደግሞ ብልሃቱ ይታያል። ቴፍናክት በሌሊት 8,000 ወታደር አስገብቶ ራሱ በፈረስ ወደ ሰሜን ሄደ። በምሥራቅ በኩል ውሃው ግንቡ ሥር ስለደረሰ መርከቦች ከቤቶቹ ጋር ይታሰሩ ነበር። የጦር አለቆቹ አፈር እንቆልል፣ መወጣጫ እንሥራ ይላሉ። ፒዬ ግን የወደቡን መርከቦች በሙሉ ማረከና ወታደሩን በእነሱ ላይ አሻግሮ ገባ።

በመጨረሻ ሊገብሩ ከመጡት 4 ነገሥታት 3ቱ ስላልተገረዙና ዓሣ ስለሚበሉ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ቀሩ። የገባው ያው ፈረስ አስራቢው ናምሎት ነው፤ እሱ ዓሣ አይበላም። ቴፍናክት ፊቱ እንኳ አልቀረበም፤ መልእክተኛ ልኮ ማረኝ አለ፣ ቤተ መቅደስ ገብቶ ማለ። ፒዬ መሐላውን ተቀበለና መርከቦቹን በብርና በወርቅ ሞልቶ ናፓታ ገባ። በዚህ ነገር ልቀበለው አልችልም። ያን ያህል ደም የፈሰሰው ለአንድ መሐላ ነበር? ሳይስ ወዲያው አንሰራራች፣ ከቴፍናክት በኋላ የሳይሱ ባከንራኔፍ ፈርዖን ነኝ ብሎ ተነሳ፣ የኩሽ ነገሥታትም ያንኑ መንገድ እንደገና ወርደው መዋጋት ግድ ሆነባቸው።