ደመናው ደንገጎ ላይ ነበር

ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን የተሰጠን ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስል ነበር፦ የወንጀል ፊልም መክፈቻ፣ ከሁለት ደቂቃ ብዙ ያልበለጠ። ሙሉ ፊልም አይደለም፤ ተመልካቹን ወንበሩ ላይ የሚያስቀረው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ። አራት ነበርን። አንዷ ካሜራ፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ትወና፣ እኔ ጽሑፍና ኤዲቲንግ ያዝን። ካሜራ ስል ስልክ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ ጨለማ መንገድ፣ ዝናብ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰውና ሽጉጥ ነበረው። የካሜራዋ ልጅ አንብባ ስትጨርስ "አቦ፣ ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ አድጌ ካፖርት የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩና ጥናት ጀመርን።

የአሥር የወንጀል ፊልሞችን መክፈቻ መርጠን እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አየን። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተን ሾቶቹን፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸውን እያንዳንዱን ቁራጭ፣ ቆጠርን፤ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነን ሰማን። ያኔ ነው የገባን፤ የሚያስፈራን ነገር አብዛኛው ድምፁ ውስጥ ነበር። ምስሉ ብቻውን ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚራመድ ሰው ወይም የተዘጋ በር ነው። ይህንን ከማንም መማሪያ መጽሐፍ አልሰማነውም፣ በጆሯችን ነው ያገኘነው።

ሕጉንም አገላበጥን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ አለመቆጠሩን። እኔ ስክሪፕቱ ላይ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሰውየውን "ነፍሰ ገዳዩ" እያልኩ ጽፌ ነበር። ቃሉን ሰርዤ "ሰውየው" ብዬ ስተካው ታሪኩ ራሱ ተቀየረ፤ ምን እንዳደረገ እኔም እርግጠኛ መሆኔን ተውኩ። የሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መርማሪ ደግሞ አንድ ነገር ነገሩን፦ ሊደብቅ የሄደ ሰው አይሮጥም፣ ሥራ እንዳለበት ሰው ነው የሚሄደው። ተዋናያችን ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዱን ቀየረ።

ሐሳቡ የመጣው ከደቻቱ ወንዝ ነው። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ከድሬ ሰማይ አይደለም፤ ደጋው ላይ ይዘንብና እኛ ፀሐይ እየመታን ጎርፉ ይደርሳል። ስለዚህ ድሬ ያደገ ሰው ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ፣ ደንገጎ ላይ ጥቁር ደመና ካየ አሸዋው ላይ አይቆይም። ከዚህ ተነስተን ታሪኩን እንዲህ አደረግነው፦ አንድ ሰው በጠዋት ደቻቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይቀብራል፤ ከጀርባው ደንገጎ ላይ ደመና ይጠቁራል፤ እሱ ልብ አይለውም። የቀበረው ነገር እንደማይቆይ ተመልካቹ ያውቃል፣ ሰውየው አያውቅም። ለምን አያውቅም ለሚለው መልሱ ልብሱ ላይ ነው፦ ሽርጥና ነጠላ ጫማ ሳይሆን ሱሪና ማሰሪያ ያለው ሽፍን ጫማ አደረግንለት። አሸዋ ጫማው ውስጥ እየገባ ሲቸገር ማየት ብቻ እንግዳ መሆኑን ይናገራል።

ሽጉጡን ሙሉ በሙሉ ተውነው። የአሻንጉሊት እንኳ ቢሆን ከሩቅ ለሚያይ ሰው አሻንጉሊት አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈን ለቀበሌውም ለፖሊስም ቀኑንና ሰዓቱን አሳወቅን። ፈቃድ የጨረስን መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ መጋቢት ውስጥ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ላይ ጥላ ስለሚጥል ብቻ ሳይሆን ስልኩም በሙቀት ይዘጋ ስለነበር። ተዋናያችን በትከሻው ተሸክሞ የሚመጣው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ጥቅልል ነበር፤ ውስጡ ትራስ ነው። ሦስተኛውን ሾት ስንደግም ከዳር ካሉት ቤቶች አንዲት እናት ወረዱ።

"ልጆቼ፣ ምንድን ነው የምትቀብሩት?"

"ፊልም ነው እማማ፣ እውነት አይደለም" አልናቸው።

ጥቅልሉን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ "እዚህ አሸዋ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አታሳዩን። እኛ አይተናል" አሉን።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰው በተኛበት ቤት ገብቷል። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ እኛ ያኔ አልተወለድንም ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን እንደምናውቀው ሆነን አልሠራንም። ይቅርታ ጠይቀን ዕቃችንን ሰበሰብን። ማታ ላይ ክርክር ተነሳ፤ አንዳችን ቦታውን እንቀይር አለ፣ አንዳችን ታሪኩን እንተወው። ረጅም ሰዓት ከተነጋገርን በኋላ ጥቅልሉ ወጥቶ ትንሽ የብረት ሳጥን ገባ። በማግስቱ ሄደን ለእማማ ሳጥኑን አሳየናቸው፤ "እሱ ይሁን" አሉን። ደብዳቤ ከመያዛችን በፊት መጠየቅ የነበረብን እዚያ ዳር የሚኖሩትን ነበር። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ሳጥኑ ፊልሙንም አሻሻለው። አስከሬን የሚመስል ነገር ሲታይ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። ሳጥን ሲታይ ግን ሰው ውስጡን ራሱ ይሞላል፤ ክፍል ውስጥ ስናሳየው አንዱ ገንዘብ ነው አለ፣ አንዱ የኮንትሮባንድ ዕቃ፣ አንዷ ደብዳቤ። እኛም አልተናገርንም።

በሳጥኑ እንደ አዲስ ስንጀምር ሁለተኛው ቀን ላይ የሠራነው ስህተት ለጀማሪ ሁሉ ይጠቅማልና ልዘርዝረው። በመጀመሪያው ቀን ሰውየው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የሚሄደው። በሁለተኛው ቀን የተሻለ ብርሃን ፍለጋ ካሜራውን አሻግረን ማዶ ዳር ላይ ተከልን። ሁለቱን ስናገጣጥም ሰውየው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ የሚመለስ መሰለ። በሰውየው መንገድ ላይ መስመር አለ ብላችሁ አስቡ፤ ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ መቆየት አለበት። ያዳነን በአጋጣሚ ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ሲመጣ የቀረጽነው አንድ ሾት ነው፤ መሐል ስናስገባው ዓይን አቅጣጫውን ረስቶ አዲሱን ይቀበላል። ለእጅጌው ግን መድኃኒት አላገኘንም። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ብቻ ጠቅልሎ፣ በሁለተኛው ሁለቱንም። ስድስት ጥሩ ሾት ጣልን። ከዚያ ወዲህ ቀረጻ ከመጀመራችን በፊት ተዋናዩን ከራስ እስከ እግሩ ፎቶ እናነሳለን።

ደመናውን በዚያው ወር አላገኘነውም። ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ደጋውን ሲይዘው ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ቀረጽነው፤ ደመና ባለበት ቀን አሸዋው ውስጥ እንዳንገባ ቀድመን ተስማምተን ነበር። ታዲያ መጋቢት ላይ አካፋ የያዘ ሰውና ሚያዝያ ላይ የተቀረጸ ሰማይ እንዴት አንድ ጠዋት ይሆናሉ? ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያሳየው ይህንን ነው፦ ሁለት ምስል ተከታትሎ ሲመጣ ግንኙነቱን የሚፈጥረው ተመልካቹ ነው። ሰውየው ላቡን ሲጠርግ ቀና ይላል፤ ቀጥሎ ደመናው፤ ቀጥሎ ሰውየው ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ እንደገና ሲያጎነብስ። የሁለቱን ቀለም ለማቀራረብ የጠዋቱን ምስል ትንሽ አቀዘቀዝነው፣ ሌላ ምንም አላስፈለገም።

ኤዲቲንጉን የሠራሁት በነፃ በሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ኮምፒውተሩ ደካማ ስለነበር ቪዲዮዎቹን መጀመሪያ በአነስተኛ ጥራት ገልብጦ በእነሱ መሥራት ነበረብኝ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ የሁለት ሰዓት ሥራ ሄደ፤ በማግስቱ ፍላሽ ገዝቼ በየማታው ቅጂ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አማርኛ ርዕስ ስጽፍ ፊደሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ሲያስቸግረኝ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫንኩና ተስተካከለ። የመጀመሪያው ቅጂ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነበር። በጣም የምወደውን፣ ሰውየው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር የሚያልፍበትን ሾት ቆርጬ ስጥል እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ውብ ነበር፣ ግን ምንም አይነግርም። አሥራ አንድ የነበረው የአካፋ ምት አራት ሆነ።

ድምፁ ከሁሉ በላይ የደከምንበት ነው። ቦታው ላይ የቀዳነው አካፋ በነፋስና በባጃጅ ተውጦ ነበር፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ አሸዋ ሞልተን፣ ስልኩን በስፖንጅ ጠቅልለን እንደገና ቀዳነው። ከቦታው ያመጣነው አንድ ደቂቃ የጠዋት ጸጥታ ግን ወርቅ ሆነልን፤ ሩቅ የፍየል ድምፅ፣ የሆነ ቤት በር ሲከፈት። ያንን ከስር ስናነጥፈው የተቆራረጠው ምስል አንድ ቦታ ሆነ። መክፈቻው ጥቁር ነው፤ ምስል ሳይመጣ አካፋው ይሰማል።

ክፍል ውስጥ ስናሳየው የድሬ ልጆች ደመናውን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከሌላ ከተማ የመጡት መምህራችን ግን "ሰማዩ ለምን ገባ?" ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትረካ ጨምረን ማስረዳት አልፈለግንም። ከፍሬሙ ውጭ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "ደጋ ዘንቧል፣ ልጆቹን ጥሪያቸው" ስትል አስገባን። ሦስት ሴኮንድ ናት። ሰውየው አካፋውን አቁሞ ያዳምጣል፣ አይገባውም፣ ይቀጥላል።

ድምፁን የሰጡን እማማ ናቸው። የመጨረሻውን ቅጂ በራቸው ላይ ቁጭ ብለን በስልክ አሳየናቸው። ሻይ ይዘው ነበር፤ ደመናው ሲመጣ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። የራሳቸው ድምፅ ሲሰማ አላስተዋሉትም፣ ዓይናቸው ሰውየው ላይ ነበር። "ኧረ ተነስ በሉት!" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘርግተው።