የዘማቾችንና የእናቶችን ዜማ እንዴት እንደሰበሰብኩ

የጦርነት ዜማ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቀረርቶና ፉከራ ነው። እኔም ምሥራቅ ጎጃም፣ ዘመዶቼ ሰፈር መቅረጽ ስጀምር መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቀድሞ ወታደሮች ነበር። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር፣ ኤርትራ ውስጥ ናቅፋና ከረን አካባቢ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ወታደሮች ብቻቸውን ሲሆኑ ግጥሙ ይጠፋባቸዋል። ሁለት ሦስት ሆነው ሲቀመጡ ግን አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ስለዚህ የማኅበር ቀን እየጠበቅሁ እሄዳለሁ። ዝፈኑልኝ አልልም። ስንቅ እንዴት ይደርሳችሁ ነበር? ሲመሽ ምሽግ ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር? እያልኩ አስወራቸዋለሁ። የምሽጉ ወሬ ሲነሳ ዜማውም አብሮ ይመጣል። ፉከራው ለሽኝትና ለሰልፍ ነበር አሉኝ። ማታ ማታ የሚያንጎራጉሩት ስለ እናት፣ ስለ አገር ቤት ጠላ፣ መልስ ስላልመጣለት ደብዳቤ ነው።

ከዚያ ወደ እናቶቹ ዞርኩ። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይል ነበር ሕጉ። ገጠር ሰው የሚያስታውሰው ግን አፈሳውን ነው። ገበሬ ማኅበሩ ኮታ ነበረበት፤ ልጁ ከገበያ ወይም ከእርሻ ላይ ይወሰድ ነበር።

አንዲት እማማ ገና ሳልጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሙሾ በደኅና ቀን አይወርድም፤ ሟርት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለቅሶ በሌለበት ቤት ሙሾ አውርዱልኝ ማለት ነውር ነው። እኔም ስለ ወፍጮ ጠየቅኳቸው፤ ሌሊት ሲፈጩ ምን እንደሚያንጎራጉሩ። የፈለግሁት ሁሉ እዚያ ነበር።

የእሳቸው ልጅ መርዶ አልመጣም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ወታደር በእግሩ አገሩ ገባ፤ እሱ አልገባም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ተዝካር አያወጡም። እንጉርጉሯቸው ሙሾ እንዳይሆን ልጁ አልሞተም፤ የደስታ እንዳይሆን አልመጣም። ግጥሙ መንገዱን ይጠይቃል፣ ከግንባር የተመለሰውን ሁሉ ይጠይቃል፣ እንደገና ወደ መጁ፣ ወደ ወፍጮው ድንጋይ፣ ይመለሳል። ለኔ ያንን ጦርነት ከየትኛውም የድል መዝሙር በላይ የሚያስረዳው ይሄ ነው። እንዲህ ያለ እንጉርጉሮ የያዙ እናቶች በየመንደሩ እንዳሉ አምናለሁ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው።

ለመቅረጽ ለምትነሱ፣ ስልክ ይበቃል። የወፍጮውን ድምፅ ለማስቀረት አትድከሙ፤ ትንፋሹ የሚሄደው ከድንጋዩ ጋር ነው፣ ግጥሙን ነጥላችሁ ብትጽፉት ምቱ ይጠፋል። የአካባቢውን አነጋገር አታቃኑ። ማን እንዳዜመው፣ ለማን እንደሆነ፣ ዘማቹ በየት ዓመት እንደተወሰደ እዚያው ጻፉ። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ላዜመችው እናት መልሳችሁ አሰሙ። አንዳንዷ ከሰማችው በኋላ አጥፋው ትላለች፤ እዚያው ፊቷ ማጥፋት ነው።

በጣም የምጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ግጥም ልጁን ለኮታ አሳልፎ የሰጠውን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር በስሙ ያነሳዋል። የሊቀመንበሩ ልጆች ዛሬም የእነዚያው እናቶች ጎረቤት ናቸው፣ በዕድር ይገናኛሉ። ለሌላ ሰው በማሳየው ጽሑፍ ላይ ስሙን እዘለዋለሁ። ሙሉውን ድምፅ በሜሞሪ ካርድ ገልብጬ የምሰጠው ለእናትየዋ ቤተሰብ ብቻ ነው።