«የማንም አይደለሁም» ብዬ ያጣሁት ድምፅ

ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ያለው አብሮ አደጌ ደውሎ፣ «እዚያ አሜሪካ ያለው ሁለት ፓርቲ ነው፤ አንዱን መርጦ መውጣት ምን ያስቸግራል?» ሲለኝ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በምኖርባት የሜሪላንድ ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የደረሰብኝ እፍረት ትዝ አለኝ።

ዜግነት ባገኘሁ ሰሞን የሞላሁት የመራጭነት ቅጽ የየትኛው ፓርቲ እንደሆንኩ ይጠይቅ ነበር። አገር ቤት «አባል ነህ ወይ?» ተብሎ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያይ እጁ ይሰበሰባል። «የማንም አይደለሁም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከነገር ራቅሁ ብዬ ኮራሁ።

የሜሪላንድ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት የቅድመ ምርጫ ቀን ሲደርስ፣ ምርጫ ሁሉ አንድ መስሎኝ፣ የሠርግ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴት የያዘችው ወረቀት ከአገረ ገዥው ጀምሮ የካውንቲ (የአውራጃ) አስተዳዳሪ፣ ሸሪፍ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የኑዛዜ መዝጋቢ ሳይቀር (መዝጋቢ በምርጫ የሚሾምበት አገር!) በስም ተጨናንቋል። የእኔ ላይ ያለው የትምህርት ቦርድ ብቻ ነው። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ ባዶ ነው። «የቀረውስ?» ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ አዛውንት፣ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በፓርቲ ስላልተመዘገብኩ የሚደርሰኝ ይኸው እንደሆነ አስረዱኝ። አሁኑኑ መዝግቡኝ ብልም አልሆነም፤ አዲስ መራጭ በዕለቱም ይመዘገባል፣ የተመዘገበ ሰው ፓርቲ የሚቀይርበት ጊዜ ግን ከምርጫው 21 ቀን አስቀድሞ ያበቃል። ከኋላዬ የቆሙ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አባት፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ። «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ግን አልከለከሉኝም፤ ሱፌ ላይ ለጥፌ ወጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ዴሞክራቶች እጅግ ስለሚበዙ፣ የካውንቲው አስተዳዳሪ ማን እንደሚሆን በተግባር የሚለየው በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን የረቱት፣ ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ፣ በ32 ድምፅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም እነዚሁ ሁለት ሰዎች የተለያዩት በ77 ድምፅ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው እኮ እድራችን ስብሰባ ላይ አርፍዶ የሚመጣው ነው! እኛ ግን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ስንከራከር አድረን፣ የሰፈራችንን የምክር ቤት አባል ስም አናውቅም። አሜሪካኖቹም ጉድ ናቸው፤ የሰው ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው እያሉ፣ የመራጮችን ዝርዝር ግን ከነፓርቲያቸው ለዕጩዎች ይሸጣሉ።

ዲቪ ደርሷችሁ ለመምጣት የተዘጋጃችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መራጭ ሆነህ ልመዝግብህ?» ብትባሉ በይሉኝታ «አዎ» እንዳትሉ። በግሪን ካርድ ሳለ ዜጋ ነኝ ብሎ የተመዘገበ ሰው ዜግነት ሊከለከል፣ እስከ መባረርም ሊደርስ ይችላል። ዜግነቱን ካገኛችሁ በኋላ ግን በዚያች የፓርቲ ጥያቄ ላይ እንደኔ አትጀግኑ፤ እዚህ መመዝገብ መዋጮም ስብሰባም የለውም።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ከተረክሁለት በኋላ፣ «አሁንማ አባል ሆኛለሁ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ይወራል እንዴ?» አለና ስለ ልጆቼ ትምህርት ይጠይቀኝ ጀመር።