ጀሶው ተፈታ፣ ክንዴ ግን አልተፈታችም

የወደቅሁት ነሐሴ ላይ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ድንጋዩ ሁሉ ሳሙና ይሆናል። ለደንበኛ የማደርሰውን እንጀራ ይዤ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ቁልቁል ስወርድ አዳለጠኝ። እንጀራው እንዳይበተን ስል (ሞኝነቴ!) እጄን ሳልዘረጋ በቀኝ ጎኔ አረፍኩ። ከትከሻዬና ከክርኔ መካከል ያለው አጥንት ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ወጌሻ ጋ ውሰዷት» ያሉ ነበሩ። ወጌሻ አልንቅም፤ የአባቴን ወለምታ አሽተው ያዳኑት ወጌሻ ናቸው። ስብራት ግን ሌላ ነው። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ደም ይከለከልና ጣት ይጠቁራል፤ እጅ እስከ መቆረጥ የሚደርስም አለ። ራጅ ሳልነሳ ማንም አይነካኝም አልኩ።

አጥንቱ መሀሉ ላይ ነበር የተሰበረው። እንዲህ ያለው ስብራት ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይገጥማል ተባልኩና ከብብቴ ተነስቶ በክርኔ ሥር ዞሮ ትከሻዬ ላይ የሚያልቅ ጀሶ ተደረገልኝ። የበለጠ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። እጄን ቀና ላደርግ ስሞክር አንጓዬ እንደ ጠወለገ ጎመን ቁልቁል ተንጠለጠለ። ለካ በዚያ አጥንት ጀርባ ተጠምዝዞ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ የተጎዳው እሱ ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚመለስ፣ ግን ወራት እንደሚፈጅ ነገረኝ። ነርቭ እንደ አዲስ ማደግ ካለበት የሚሄደው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «አብሽሪ» አለኝ። በቀኝ እጇ ጋግራ ለምታድር ሴት አብሽሪ ማለት ቀላል ነው እንግዲህ!

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ፊዚዮቴራፒ (የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የሚመልስ ሕክምና) የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አክስቴ «እንዳታነቃንቂያት» ባለችኝ መሠረት ክንዴን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ 10 ሳምንት ተቀመጥኩ። የሚያስፈልገው አጥንቱ ጸጥ ማለቱ ነበር እንጂ ጣቶቼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጨበጥና መዘርጋት ነበረባቸው። ጀሶው ሲፈታ ራጁ «ገጥሟል» አለ። ክንዴ ግን ከስታ እንደ በቆሎ አገዳ ሆናለች፣ ክርኔ አይዘረጋም፣ ትከሻዬ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለ።

ፊዚዮቴራፒ የሚባል ክፍል መኖሩን የሰማሁት ቡና ላይ ነው፣ ገና አቦሉ «ጀባ» ሲባል፣ እግሯን ተሰብራ ከዳነች ጎረቤቴ። በማግስቱ ሄድኩ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ናት። «እህቴ፣ ጎንበስ በይ፤ በግራሽ ጠረጴዛውን ያዢ፤ ቀኟን ልቀቂያት። አሁን በክብ አዙሪያት» አለችኝ። ሳቅሁ። «ይቺማ ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር ናት!» እሷ ግን አልሳቀችም። ምጣድ ላይ ክንድ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ግን ወገብ ይወዛወዛል፣ ክንድ ዝም ብላ እንደ ፔንዱለም ትከተላለች። ይህን ልዩነት ለመያዝ ሳምንት ፈጀብኝ፤ የ20 ዓመት ልማድ እየመጣ ጡንቻዬን ያስጨንቀው ነበር።

ክፍሉ የምሄደው በሳምንት 2 ቀን ነው። ትልቁ ሥራ ቤት ነበር፣ በቀን 4 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ። መጀመሪያ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ በጀርባዬ ተኝቼ የመወልወያ እንጨት በሁለት እጄ እይዝና ደህናው የታመመውን ወደ ላይ እየገፋ ይወስደዋል። ቀጥሎ ግድግዳ፤ ጣቶቼ እንደ ሸረሪት እየዳሁ ይወጣሉ፣ የደረስኩበት ላይ ልጄ በከሰል ታሰምራለች። አንዳንድ ሳምንት መስመሩ ንቅንቅ አይልም። አንዴ ተናድጄ በግድ ገፋሁትና ሌሊቱን ሙሉ ሳላንቀላፋ አነጋሁ። ከዚያ በኋላ መለኪያ ተሰጠኝ፦ ሕመሙ በሰዓት ውስጥ ከበረደ ደህና ነው፤ ካደረ አብዝቻለሁ።

አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሠሩልኝ፤ ጣቶቼ ተጨብጠው እንዳይደርቁ በግራ እጄ በየቀኑ እዘረጋቸዋለሁ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ሽንኩርት ስልጥ አንጓዬ ብልጭ እንደማለት ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ። ቢላዋውን ጥዬ ልጄን ጠራኋት። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት።

ምጣድ ላይ የተመለስኩት በስድስተኛው ወር ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ዳሩ ተቆራርጦ፣ መሀሉ ወፍሮ ወጣ፤ እኛው በላነው። ሦስተኛው ለሰው ይቀርብ ነበር። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ግን ዛሬም አላነሳም፤ ወደ ኋላ ዞራ ጀርባ መድረስም ክንዴ እንቢ ብላለች። የቀሚሴን ዚፕ የምትዘጋልኝ ልጄ ናት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ከሰልም እስካሁን አላጠብነውም።