በመስኮት የታየ ብሩክሊን

ዛሬ እረፍቴ ስለነበር እዚህ ኒውዮርክ ብሩክሊን ሙዚየም ገባሁ። ሌላውን ቶሎ ቶሎ አየሁና አንድ ሥዕል ፊት እግሬ አልነቀል አለኝ።

ፍራንሲስ ጋይ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ ሰው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የሣለው ነው። በረዶ የለበሰ ብሩክሊን። ያኔ ገና መንደር ነበር። ጋይ ቤቱ ፍሮንት ስትሪት ላይ ስለነበር በመስኮቱ የሚያየውን ነው የሣለው። ጀግና የለበት፣ ጦርነት የለበት፤ የጎረቤት ሰው ብቻ።

አንዱ ለዶሮዎቹ ጥሬ ይበትናል። እንጨት የሚቆርጥ አለ። መንገድ ላይ ቆሞ ወሬ የያዘ አለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቿን ስትጠራ የሰማሁ መሰለኝ።

ጥቁሮችም አሉበት። እዚህ ጋ ነው ልቤ የተነካው። ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት የተሻረው በ1827 ነው። ሥዕሉ ሲሣል ሰባት ዓመት ያህል ይቀራል። ከነዚህ ሰዎች ማን ነፃ ነበር? ማንስ የሌላ ሰው ንብረት? ብርዱ እንደሆነ ለሁሉም እኩል ነው። እነሱን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

ስወጣ በቀጥታ ወደ ፍሮንት ስትሪት ሄድኩ። ዶሮም ማገዶም የለም። ከላይ በድልድዩ ባቡር እየጮኸ ያልፋል። ኮቴን ቆልፌ፣ መስኮቱ የቱ ጋ ይሆን እያልኩ ቀና ብዬ ፎቆቹን አየሁ።