ሰው የጎደለበት ጭፈራ፦ የጎንደር የጉዞ ማስታወሻ

የዩኒቨርሲቲ ምረቃ የወላጅ በዓል ነው፤ የተማሪው በዓል ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ያልፋል። ይህን የነገረችኝ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሶሲዮሎጂ የምታጠናው የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ለምረቃው እማዬም አባዬም ይመጣሉ፤ አንተ ለባህል ቀናችን ና» እያለች በስልክ ስትነዘንዘኝ ከረመችና፣ በግንቦት መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ። እኔ የተማርኩት ስድስት ኪሎ ስለሆነ፣ ጎንደር በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ዓይኔ የሚያየውን አእምሮዬ ከስድስት ኪሎ ጋር ሲያነጻጽር ነበር።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወጣት ሳለሁ የአባይን በረሃ በአውቶቡስ ወርጄ ወጥቼበታለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ግን፣ መንገዱም እንደ ድሮው ስላልሆነ፣ በአውሮፕላን መሄዱን መረጥኩ። ስለ በረራው የሚጻፍ ነገር የለኝም። አዘዞ ከሚገኘው ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ ግን የጉዞው የመጀመሪያ ክርክር ጠበቀኝ፤ አንድ ባለ ታክሲ እስከ ፒያሳ 1,500 ብር ጠራብኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ነዳጅ እንደጠፋ፣ ወረፋ አድሮ እንደቀዳ፣ የመለዋወጫ ዋጋ እንደናረ በዝርዝር አስረዳኝ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ከእኔ ቀጥሎ የቆመ የከተማው ሰው በግማሹ ተስማምቶ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ 1,100 ከፈልኩ። አዲስ አበባ ላይ ዋጋውን በስልኬ አይቼ መኪና መጥራት ስለለመድኩ ክርክር ያደክመኛል፤ ሳይከራከሩ መክፈል ደግሞ ያንገበግበኛል።

ፒያሳ አካባቢ የያዝኩት ክፍል በአዳር 1,800 ብር ሲሆን፣ በዚያ ገንዘብ ያገኘሁት ውኃ የማይወርድበት ቧንቧ፣ በቅጡ የማይዘጋ መስኮትና እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያላቋረጠ የማሲንቆ ድምፅ ነው። ጎንደር ድረስ መጥቶ ማሲንቆ አስቸገረኝ ማለት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን አዝማሪው አንዱን እንግዳ ደጋግሞ ሲያወድስ ግድግዳ አልፎ እየሰሙ መተኛት አይቻልም። ያ ሰው በማግስቱ ቁርስ ላይ ቢያጋጥመኝ ኖሮ የአባቱን ስም፣ የሚወደውን መጠጥና ለሽልማት ስንት ብር እንደለጠፈ እነግረው ነበር። የእንግዳ መቀበያው ልጅ «ውኃው ጠዋት ይመጣል» ብሎ ማለልኝ። ጠዋት ቧንቧው እንደደረቀ ነው፤ የመጣው የግቢው ዘበኛ ነበር፣ በጀሪካን ሙሉ ውኃ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ። ጉርሻ ስዘረጋለት «ለውኃ ደግሞ ብር ይቀበላሉ እንዴ ጌታዬ?» ብሎ እንደ መቆጣት አለና ወረደ። ሂሳቡን ስዘጋ ያዘንኩት ያ 1,800 ብር ለእሱ ባለመሆኑ ነው።

ማራኪ ግቢ በር ላይ መታወቂያዬን አስይዤ፣ ተፈትሼ ገባሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከፈተና መርሐ ግብርና «ፍላሽ ጠፍቶብኛል» ከሚሉ ወረቀቶች መካከል፣ የዝግጅት ጥሪዎች ተደራርበው ተለጥፈዋል፤ የደም ልገሳ አለ፣ በዲፓርትመንቶች መካከል የሚካሄድ እግር ኳስ አለ፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አለ። ተመራቂዎቹ የራሳቸውን ቀናት በጅምላ «ጂሲ» (በእንግሊዝኛ የ«ተመራቂ ክፍል» ምህጻር) ይሏቸዋል፤ አንዱን ቀን ሱፍና የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ፋሲል ግንብ ሄደው ፎቶ ይነሣሉ፣ ሌላውን ቀን በዱቄት ቀለም ይቀባባሉ፣ በሌላው ደግሞ አንዱ በሌላው ነጭ ቲሸርት ላይ በማርከር ይፈርማል። የሚታተም መጽሔትም አላቸው፤ በየፎቶው ሥር «ላስት ዎርድ» የሚሉት የስንብት ቃል ይሰፍራል፤ ካገላበጥኩት ረቂቅ ግማሹ ፈጣሪንና የዶርም ጓደኞችን የሚያመሰግን፣ የተቀረው ከኢንተርኔት የተቀዳ ነው። የእህቴን ልጅ የራሷ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብጠይቃት ወረቀቱን ነጠቀችኝ።

ስድስት ኪሎ ይህን የመሰለ ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ታሪክ የሚጀምረው ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ነው ቢባል አያሳፍርም፤ ጃንሆይ በተገኙበት ተማሪዎች ግጥም ያነቡበት የነበረው የኮሌጅ ቀን ዛሬም ይወሳል፤ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የተሰናዳው የልብስ ትርኢት ያስነሣው ተቃውሞም በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ቦታውን ይዟል። በእኔ ጊዜ ግን ከተማው ተማሪውን ይውጠው ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው ልጅ ወደ ቤቱ፣ የክፍለ ሀገሩ ወደ ዘመዱ ይበተናል፤ ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ የሚቀረው አዘጋጁና የአዘጋጁ ጓደኛ ነው። ማራኪ ላይ ይህ የለም። ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ የሆነ ልጅ ቅዳሜ የትም አይሄድም። የሚሄድበት የሌለው ሰው ደግሞ የማይወደው ዝግጅት ላይም ይገኛል፤ ሲገኝም ሥራ ይሰጠዋል።

የመጣሁበትን ነገር ያየሁት ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ከሰዓት፣ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። የጋሞን ጭፈራ የሚያቀርበው ቡድን ሰባት ሰው ያስፈልገዋል፤ ከዲፓርትመንቱ ተመራቂዎች መካከል ከአርባ ምንጭና ከአካባቢዋ የመጡት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩትን አራት የሞሉት የዶርም ጓደኞቻቸው ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ ረጅም ልጅ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ዱንጉዛ ሱሪ አጠረውና የእህቴ ልጅ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ አፏ ውስጥ ሁለት መርፌ ቁልፍ እንደያዘች፣ እጥፋቱን ተርትራ ታስረዝም ነበር። አሠልጣኙ፣ ቁመቱ ከልጁ ትከሻ የማያልፍ የጨንቻ ልጅ፣ ከፊቱ ቆሞ በጭብጨባ ይቆጥርለታል። ልጁ እግሩን ይጀምራል፤ ሦስተኛው ጭብጨባ ላይ ሲደርስ ትከሻው ሳያስበው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «ትከሻህን ተወው! እግርህን ነው የጠየቅኩህ!» ይላል አሠልጣኙ። «ምን ላድርግ፣ እሱ አብሮኝ የተወለደ ነው» ይላል ልጁ። እንደገና ይቆጥራሉ፤ ትከሻው እንደገና ይነሣል። ከጎናቸው የጎንደርን እስክስታ የሚያቀርበው ቡድን ይለማመዳል፤ እዚያ ደግሞ ትከሻው አልታዘዝ ያለው የጅማ ልጅ ነው። ሁለቱ ተቸጋሪዎች አልፎ አልፎ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይስቃሉ።

ልምምዱ ለሳምንታት በየምሽቱ ከእራት በኋላ ሲካሄድ እንደቆየ ነገሩኝ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመት አብራቸው የተማረቻቸውን አንዳንዶቹን በደንብ ያወቀቻቸው በእነዚህ ሳምንታት ነው። እኔ የባህል ቀን የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ከሚያዩት ወገን ነኝ፤ ሁሉም የየራሱን ልብስ ለብሶ፣ የየራሱን ጭፈራ ጨፍሮ፣ ተጨብጭቦለት ወደየቦታው የሚመለስበት ሰልፍ ሰውን ከማቀራረብ ይልቅ በረድፍ ያቆመዋል የሚል አስተያየት አለኝ። ሰው በጎደለበት ቡድን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰባቱም ከአርባ ምንጭ ቢሆኑ ኖሮ ያ የደብረ ታቦር ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የእህቴ ልጅ ወደ «ሁለተኛ እናቷ» ቤት ወሰደችኝ። ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ነዋሪ ጋር ሆኖ የዘረጋው የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል አሠራር አለ፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ይተሳሰርና በበዓል፣ በሕመም ወይም በጭንቅ ጊዜ የሚጠጋበት ቤት ያገኛል። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ያየ ወላጅ የዚህን አሠራር ትርጉም ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እመቤቲቱ ደጃፍ ድረስ ወጥተው «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤቱ የልጅዎ ነው» እያሉ ተቀበሉኝ። ቡና ተፈላ፤ ከሦስተኛው ጀበና በፊት መነሣት እንደማይታሰብ በዓይን ተነገረኝ። ከእህቴ ልጅ ሌላ አንዲት የወላይታ ልጅም አለቻቸው። በፈተና ሰሞን ማታ ማታ እየደወሉ በልተው እንደሆነ ይጠይቃሉ ሲባል ሰምቼ፣ እንዳይቸገሩ ብዬ አንድ ነገር ብናገር፣ «የሰው ልጅ በእጄ ተሰጥቶኝ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ለበር የምንተያየውን ጎረቤቴን ስም የማውቀው ከመብራት ቆጣሪው ላይ ነው።

ከቡናው ላይ የነበረች የጤና ሳይንስ ተማሪ የራሷን ግቢ አነሣች። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ ያኔ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ይህ የቡድን ሥልጠና አሁንም አልቀረም፤ የሕክምና፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ይሠራሉ። ልጅቱ እንዳለችው፣ ግቢ ውስጥ ሳሉ የሕክምናው ተማሪ ከሕክምና፣ የነርሱ ከነርስ ጋር ነው የሚበላው፤ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግን ምሳ የሚሠራው ተራ የደረሰው ሰው ነው፣ ሐኪም ይሁን አዋላጅ። «አንድ ሽሮ ያሳረረ የወደፊት ዶክተር አውቃለሁ» ብላ ሳቀች። ይህንን ከማንኛውም የሙዚቃ ምሽት በላይ እንደ መገናኛ ዝግጅት ብቆጥረው ትክክል ይመስለኛል።

ዝግጅቱ ራሱ ደመቀ። ከከተማ የተከራዩት ድምፅ ማጉያ እያፏጨ ጆሯችንን በሳው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሲዳማው ቄጣላውን፣ ሐረርጌው ሸጎዬውን አቀረበ፣ ጉራጌው አዳራሹን ከወንበሩ አስነሣ። የጋሞው ቡድን ሲወጣ የደብረ ታቦሩ ልጅ እስከ መጨረሻው አካባቢ እግሩን ብቻ ይዞ ዘለቀ፤ ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ ተንኮለኛ «ትከሻ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ነገር ተበላሸ፤ ትከሻው ተነሣ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ የጨንቻው አሠልጣኝ ራሱን ያዘ፤ ቀጥሎም ራሱ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ተከተለው። ዱንጉዛው በዚያ ግርግር ከመርፌ ቁልፉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ተቀደደ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን በመሸኛዬ ዕለት ዛፍ ሥር የተደረገው የገንዘብ ስብሰባ ነው። እያንዳንዱ ተመራቂ 2,000 ብር እንዲያዋጣ ተደርጎ፣ ወጪ ተቀንሶ 6,400 ብር ተርፏል። ገሚሱ ለካፌ ሠራተኞች ስጦታ ይገዛበት አለ፤ ሌላው መዋጮውን መክፈል ያልቻሉ አራት ልጆች ዕዳ ይሰረዝበት አለ፤ የመጽሔቱ ኮሚቴ ቀለሙ ደብዝዟልና ሽፋኑ እንደገና ይታተም አለ። ዕዳ ካለባቸው አንዱ ተነሥቶ፣ ስሙ በስብሰባ እንዳይጠራና ዕዳውን ራሱ ከፍሎ እንደሚጨርስ በቁጣ ተናገረ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነችው ልጅ ይቅርታ ጠየቀችው፣ እሱም ተቀመጠ። ስድስት ኪሎ እንዲህ ያለ ትርፍ ገንዘብ ቢገኝ ማን ጋር እንደሚቀር ስለማውቅ በጥሞና አዳመጥኩ። አውሮፕላኔ ደርሶ ሳይቋጭ ተነሣሁ፤ ወደ አዘዞ የወሰደኝ ባጃጅ 500 ብር ብቻ አስከፈለኝ።

የእህቴ ልጅ በኋላ ደውላ እንደነገረችኝ፣ የአራቱ ዕዳ በስም ሳይሆን በጅምላ ተሰርዟል፤ ለካፌ እናቶች ነጠላ ተገዝቷል፤ ከልብስ አከራይ የተከራዩት ዱንጉዛም ተከፍሎበታል። ቀሪው 900 ብር እስካሁን ገንዘብ ያዡ እጅ ላይ ነው፣ የመጽሔት ኮሚቴውም ሽፋኑን ስላልተወ ለሐሙስ ሌላ ስብሰባ ተጠርቷል።